ከውጭ አገር ስለሚመጣ የጤና ሒሳብ

በደጋ የሚኖር የመካኒሳ ሰው ያለ አጎበር ቢተኛ የሚወቅሰው የለም፤ ሰፈሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለ በመሆኑ ወባ አይዛመትበትም። በታንዛንያና በኬንያ ቆላ ግን አጎበር በጥቂት ገንዘብ ብዙ ነፍስ እንደሚያድን ተመርምሮ ታውቋል። ይህን የታመነ ሒሳብ ይዞ ለመካኒሳ ቤቶች ሁሉ አጎበር የሚገዛ ሹም ቢገኝ፣ ጥናቱ እውነት ሳለ ገንዘቡ በከንቱ ይፈስሳል።

የጤና ኢኮኖሚ ግምገማ የሚባለው ሥራ፣ አንድ ሕክምና ስንት ገንዘብ እንደሚፈጅና ስንት ጤናማ ዓመት እንደሚያተርፍ አመዛዝኖ የሚያሳይ ነው። ለያንዳንዱ ሕክምና አዲስ ጥናት ለማድረግ ጊዜውም ገንዘቡም አይበቃም። ስለዚህም የጤና ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. የወጣውን የመሠረታዊ ጤና አገልግሎት ፓኬጅ አሻሽሎ 1,018 አገልግሎቶች የያዘውን በ2012 ዓ.ም. ባወጣ ጊዜ፣ ለ159 ሕክምናዎች በአገራችን ሁኔታ ሒሳብ ሲሠራ፣ ለ382 ሕክምናዎች ግን ቀድሞ ከታተሙ ጥናቶች ማስረጃ ተሰብስቦ ለኢትዮጵያ ይስማማ እንደ ሆነ ተመርምሯል። እንዲህ ያለው ብድር የሚያሳፍር አይደለም፤ የሚያስፈራው ሳይመረምሩ መበደር ነው።

መድኃኒት በሰው ገላ ውስጥ የሚሠራው ሥራ በለንደንም ሆነ በመካኒሳ ብዙውን ጊዜ እጅግ አይለያይም። ወጪው ግን የየአገሩ ነው። የነርሷ ደመወዝ፣ የበሽታው ብዛት፣ ሕመምተኛው ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ለታክሲ የሚከፍለው፣ ሥራውን ትቶ የሚውልበት ቀን፣ ይህ ሁሉ ከሌላ መጽሐፍ ሊገለበጥ አይቻልም። ዶላሩን በብር መንዝሮ መጻፍም ነገሩን አይፈጽመውም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገዛው መድኃኒት በብር ሲቆጠር ተወደደ፤ የነርሷ ደመወዝ ግን በዚያው መጠን አልዘለለም። እንግዲህ በመድኃኒት ብዛት የሚፈውሰውና በሰው ድካም የሚፈውሰው ሕክምና፣ ቀድሞ በዋጋ እኩል ቢሆኑ እንኳ፣ ከዚያ ወዲያ እኩል አይደሉም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ግን «ያዋጣል» የሚለው ፍርድ ነው። በእንግሊዝ አገር ለብዙ ዓመታት አንድ ሙሉ ጤናማ ዓመት የሚያስገኝ ሕክምና ከ20,000 እስከ 30,000 ፓውንድ ቢፈጅ እንደሚያዋጣ ይቆጠር ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ በእኛ አገር ለአንድ ሕክምና ቢወጣ፣ ስንት ሕፃናት ክትባት ያጡበታል! ቁጥሩን መበደር ይቻል ይሆናል፤ ፍርዱ ግን እዚሁ ሊሰጥ ይገባዋል።

የገዛ አገራችን ሒሳብም ቢሆን ከቦታ ቦታ፣ ከዘመን ዘመን ሲሻገር መመርመሩ አይቀርም። ለጋምቤላ ቆላ የሚስማማው ለመካኒሳ አይስማማም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በድሬዳዋ ከተማ ወባ በተነሣ ጊዜ፣ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ የሚራባ፣ ከእስያ የመጣ የትንኝ ዓይነት ምክንያት ሆኖ ተገኝቷል፤ ወባ የገጠር በሽታ ነው ብሎ የተሠራ ሒሳብ በዚያ ከተማ እንደገና ሊታይ ግድ ሆነ።

ስለዚህ ጤና ጣቢያዎቻችን፣ በመካኒሳ አካባቢ ያሉትም ጭምር፣ ለአንድ ሕመምተኛ የሚያጠፉትን ጊዜና መድኃኒት በየወሩ በጥንቃቄ ቢመዘግቡ፣ ከውጭ የመጣውን ሒሳብ የሚፈትን ሰው የወጪውን ዓምድ ከገዛ አገሩ መዝገብ ለመሙላት ይችላል።