ገባሩ ለምን አልዘመተም?

ሰሞኑን በዕጩ መምህራን መካከል አንድ ክርክር ተነሥቷል። መነሻው የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። «በጨዋታው ንጉሡ ጦርነት ሲገጥም ገባሩ ወዲያው ይከተላል፤ ታዲያ ምኒልክ መተማ ላይ ለምን አልተገኙም? ክህደት አይደለም ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ነገ ክፍል ስንገባ ተማሪዎቻችን ማንሣታቸው አይቀርምና ዛሬ እኛው ብንነጋገርበት ይሻላል።

በመጀመሪያ ጨዋታዎቹ ጉዳዩን እንዴት እንደሚያሳዩት እንይ። ፓራዶክስ የተባለው የስዊድን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4 የሚጀምረው ከ1444 ነው፤ ኢትዮጵያም በካርታው ላይ አለች። በዚህ ጨዋታ ገባር አገር ከገቢው ለበላዩ ይከፍላል፤ በበላዩ ጦርነት ሳይጠየቅ ይገባል፤ በራሱ ፈቃድ ግን ሌላውን አይወጋም። የነፃነት ፍላጎቱ በመቶኛ ይቆጠራል፤ ከግማሽ ሲያልፍ ግብሩን ይከለክላል፣ ከጦርነቱም እጁን ይሰበስባል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ክሩሴደር ኪንግስ 3 ደግሞ ነገሩን ከሰው ለሰው ግንኙነት ይጀምራል። ባላባቱ ለጌታው ግብርና ወታደር ያዋጣል፤ መዋጮው በውል ይወሰናል። ባላባቶች እርስ በርስ ይዋጋሉ፤ ተባብረውም በጌታቸው ላይ ያድማሉ።

እንግዲህ ይህን ይዘን ወደ ደጃችን እንመለስ። የዋግሹም ቤት ዘሩን ከዛጔ ነገሥታት ይቆጥራል። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በ13ኛው መቶ ዘመን መንግሥቱ ለይኩኖ አምላክ ካለፈ በኋላ ቤቱ አገሩንና ክብሩን እንደያዘ ለነገሥታቱ ገባር ሆኖ ኖረ። አፄ ቴዎድሮስ ዋግሹም ገብረ መድኅንን ሲገድሉ ግን ልጃቸው ጎበዜ ሸፈቱ፤ ዋግንና ላስታንም ያዙ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ በእነዚሁ በላስታ ተራሮች ነበር ያለፈው። ጎበዜ መንገዱን አልዘጉበትም። አልተዋጉለትም፣ አልተዋጉትምም፤ አሳለፉት እንጂ።

ከመቅደላ በኋላ ጎበዜ «ተክለ ጊዮርጊስ» ተብለው ነገሡ። ነገር ግን እንግሊዞች ሲመለሱ መድፍና ጠመንጃ ለትግራዩ ካሣ ምርጫ ሰጥተው ነበር። ካሣ የጎበዜ የሚስታቸው ወንድም ናቸው። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ አሳም ላይ ተዋግተው ካሣ ድል አደረጉ፤ ቀጥሎም ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ነገሡ። ጎበዜ ያሳለፉት ጦር ትቶት የሄደው መሣሪያ ዞሮ እሳቸውኑ መታ ማለት ነው።

አሁን ወደ ተነሣው ጥያቄ እንምጣ። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ ምኒልክ «ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ማዕረግ ትተው ለዮሐንስ ገቡ፤ ዮሐንስም የሸዋ ንጉሥ አድርገው ዘውድ ጫኑላቸው። በ1874 ዓ.ም. ግን ሁለቱ ገባሮች፣ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ እምባቦ ላይ እርስ በርሳቸው ተዋጉ። ዮሐንስ ሁለቱንም ቀጡ፤ ወሎንም ከምኒልክ ወሰዱ። በጥር 1880 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት ሳር ውሃ ላይ በደርቡሾች ተሸነፉ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። የበላዩን ድንበር ሲጠብቅ የተመታው ገባሩ ነው። ምኒልክ ደግሞ ከጣሊያን ጠመንጃ እየተቀበሉ ነበር። ሁለቱ ንጉሦች በዮሐንስ ላይ ተማከሩ፤ ዮሐንስም ጎጃምን አጠፉ፤ ከዚያ ወደ መተማ ዘምተው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ወደቁ።

ታዲያ ክህደት ነው ወይስ ብልህነት? እኛ የምንለው፣ ገባሩ የቀረው ስላልተቆጠረለት ነው። ለበላዩ ሲዘምት ምን ያተርፋል? ተሸንፎ ሲመለስ ማን ይደርስለታል? ይህን ሁሉ ያሰላል። ለዚህ ማስረጃው አድዋ ነው። በ1888 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት ከጎጃም ዘመቱ፤ ዋግሹም ጓንጉልም የዋግና የላስታን ጦር ይዘው ተሰለፉ። ጠላት ለሁሉም እንደሚመጣ ሲታወቅ ገባሩ መጣ። የጨዋታው መቶኛ ይህን በከፊል ያሳያል፤ ቀና ነው። ሳይጠየቅ ይከተላል የሚለው ግን ከታሪኩ አይገጥምም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት ግን ሌላ ነው፤ ጭሰኛው የለም። በጨዋታው የሰው ኃይል ቁጥር ነው፤ ሲጎድል ቆይቶ ይሞላል። በዚያ ዘመን ግን ዘማቹ የሚበላው ባለፈበት አገር ገበሬ ጎተራ ነበር። በሬውም እህሉም ከሄደ በኋላ ማን ይሞላዋል? በ1880ዎቹ መጀመሪያ የከብት በሽታና ክፉ ቀን ሲመጣ የተረፈው ምን እንደነበር እናውቃለን። ጦር ሲመጣና ሲሄድ ምን ማለት እንደሆነ ለላሊበላ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በዓይኑ አይቶታል።

ስለዚህ ጨዋታውን «አትንኩ» ማለት ዋጋ የለውም፤ መርጃ መሣሪያ እናድርገው። ተማሪው ጦርነቱን ሲጨርስ ሦስት ጥያቄ እንጠይቀው። ገባሩ ምን ፈለገ? ምን ፈራ? ስንቁን ያቀረበው ማነው? ለሦስተኛው መልስ ከጨዋታው ካጣ፣ ወደ ቤቱ ሄዶ አያቱን ይጠይቅ። ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።