የእጅ ምትሐት በቤት ዕቃ

ከጥንት ጀምሮ የሰውን ዓይን እያታለሉ ልቡን ደስ ከሚያሰኙት ጨዋታዎች አንዱ በእጅ ቅልጥፍና የሚሠራው ምትሐት ነው፤ ለዚህም ጨዋታ የሚያስፈልገው መሣሪያ፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው በብዙ ዋጋ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሳይሆን፣ በየጓዳው፣ በየረከቦቱና በየኪሱ የሚገኘው ስኒ፣ ብርጭቆ፣ ክብሪት፣ መሐረብና ሳንቲም ነው። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ በ1ኛው መቶ ዓመት ለወዳጁ ለሉኪልዮስ በጻፈው ደብዳቤ፣ በቃላት የሚራቀቁትን ሰዎች ክርክር ለመንቀፍ ምሳሌ ቢፈልግ፣ ያነሣው የምትሐተኞችን ጽዋና ጠጠር ነበር፤ ተንኰሉ ማንንም እንደማይጎዳ፣ ሰውን የሚያስደስተውም መታለሉ ራሱ እንደ ሆነ፣ አሠራሩ ከታወቀ ግን ደስታው እንደሚጠፋ ገልጧል። በዚህ በመጨረሻው አሳቡ አልስማማም፤ ምስጢሩን ያወቀ ሰው የሚያጣው የመጀመሪያውን አንክሮ ብቻ ሲሆን፣ በእርሱ ፈንታ የገዛ ሕዋሳቱ እንዴት እንደሚስቱ ማወቅን ያገኛልና።

ይህ ጨዋታ በአንዳንድ ቤት ከጥንቆላና ከመተት ስለሚቆጠር፣ ልጁ ሳንቲም ሲሰውር ያየ አባት ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ፍርሃቱን ለማራቅ ግን አሠራሩን ገልጦ ከማሳየት የተሻለ መድኃኒት የለም፤ ይህንንም በጊዜው የተረዳው በኬንት ይኖር የነበረው እንግሊዛዊው ሬጂናልድ ስኮት ነው። እርሱም ድኾችና ባልቴቶች በጠንቋይነት እየተከሰሱ ሲፈረድባቸው አይቶ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1584 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የክሱን ከንቱነት ሲያስረዳ፣ ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ያለፈ የሚመስልበትን፣ ጩቤ ክንድን የወጋ የሚመስልበትን፣ እንዲያውም የመጥምቁ ዮሐንስን አንገት መቆረጥ ለማሳየት ገበታ ተበስቶ አንድ ሰው ከሥሩ ሆኖ ራሱን ብቻ በወጭት ላይ የሚያወጣበትን ዘዴ አንድ በአንድ ዘርዝሮ ጻፈ። በእንግሊዝኛ የምትሐትን አሠራር ከገለጡት ከመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት አንዱ ንጹሓንን ከስቅላት ለማዳን ታስቦ መጻፉ ለጥበቡ ታላቅ ክብር ነው።

ይኸው ጥበብ በክፉ ዓላማ የዋለበት ጊዜም አለ። በብሉዋ ከተማ የተወለደው ሰዓት ሠሪ ዣን ኤውዤን ሮቤር ኡደን በ1845 በፓሪስ የራሱን ቴያትር ከፍቶ፣ ምትሐትን ከገበያ አደባባይ ወደ ተከበረ አዳራሽ ካስገቡት ሰዎች ዋነኛው ለመሆን የበቃ ነው፤ በ1856 ግን የፈረንሳይ መንግሥት፣ የአልጄሪያ ሕዝብ የሚያከብራቸውን የሃይማኖት ሰዎች ኃይል ለማናናቅ ወደዚያ አገር ላከው። በዚያም ባሳየው ትርዒት ቀላል የነበረውን ሣጥን አንድ ብርቱ ጐልማሳ ሊያነቃንቀው አቃተው፤ የሣጥኑን የብረት ወለል አጥብቆ የያዘው ከመድረኩ በታች የተሰወረው የኤሌክትሪክ ማግኔት ነበር። የሰውየውን ብልኀት አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ተመልካቹ ጨዋታ መሆኑን ሳያውቅ፣ ይልቁንም እንዲፈራና እንዲገዛ ተብሎ የሚታይ ምትሐት ጨዋታነቱ ቀርቶ ግፍ ይሆናል።

ወደ ቤት ዕቃችን ስንመለስ፣ ለጀማሪ እጅግ የሚቀለው የክብሪት ጨዋታ ነው። ከመሐረቡ ጠርዝ፣ በእጥፋቱ ውስጥ፣ አንዲት የክብሪት እንጨት አስቀድማ ትሰወራለች፤ ሌላይቱ በሰው ፊት ከመሐረቡ መካከል ትቀመጥና መሐረቡ ይታጠፋል። ተመልካቹ በጨርቁ ላይ እንዲሰብራት የሚሰጠው ግን የተሰወረችውን ነው፤ በገዛ ጣቱ ሰብሮ፣ ስትሰበርም በጆሮው ሰምቶ፣ መሐረቡ ሲዘረጋ ደኅና ሆና ያገኛታል። የብርጭቆውም ጨዋታ ከዚህ ብዙ አይከብድም፤ በገበታው ላይ ከተዘረጋው ወረቀት ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ወረቀት በብርጭቆው አፍ ልክ ተቆርጦ ይለጠፍበትና ብርጭቆው በተዘረጋው ወረቀት ላይ ይደፋል፤ ከአጠገቡ ሳንቲም ይቀመጣል፤ ብርጭቆው በመሐረብ ተሸፍኖ በሳንቲሙ ላይ ከተደፋ በኋላ መሐረቡ ሲነሣ ሳንቲሙ የለም፤ ተመልካቹ በብርጭቆው ውስጥ አሳልፎ ባዶውን ገበታ ያየ ይመስለዋልና።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሴኔካ ያነሣው የጽዋ ጨዋታ ሲሆን፣ ለዚህም ጆሮ የሌለው የቡና ስኒያችን እጅግ ተስማሚ ነው፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ ሲገባ በመካከላቸው ጥቂት ክፍተት ይተዋል፣ ሲደፋም በመቀመጫው ላይ ያለው ክብ ጠርዝ ትንሽ ኳስን ሳትንከባለል ይይዛታል። ተማሪው ሦስት ስኒዎችና ከጥጥ የተድቦለቦሉ አራት እኩል ኳሶች ያዘጋጃል፤ ተመልካቹ የሚያውቀው በገበታው ላይ ያሉትን ሦስቱን ብቻ ነው፤ አራተኛይቱ፣ ስኒዎቹ አፋቸው ወደ ላይ ሆኖ ሲደራረቡ፣ በመካከለኛው ውስጥ አስቀድማ ትገባለች። ድርብርቡን በግራ እጁ ይዞ የታችኛውን ስኒ በቀኝ እጁ ስቦ ይደፋዋል፤ ቀጥሎ መካከለኛውን፣ በመጨረሻም የቀረውን፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት በረድፍ ይደፋል። ስኒው ያለ ማመንታት ከተገለበጠ ኳሷ ከእርሱ ጋር አብራ ወርዳ ከሥሩ ትቀራለች፤ እጅ ጥቂት ከዘገየ ግን ከገበታው ሳይደርስ ወድቃ ምስጢሩን ታወጣለች። ከዚያ በኋላ ከሦስቱ ኳሶች አንዷን በመካከለኛው ስኒ መቀመጫ ላይ ያኖርና ሁለቱን ስኒዎች በላይዋ ይደራርባል፤ በጣቱ መታ አድርጎ ሦስቱንም ባንድነት ቢያነሣ፣ ኳሷ ስኒውን ሰንጥቃ ያለፈች መስላ ከሥር ትገኛለች። የዚህ አሠራር ውበት ከዚህ ላይ ይገለጣል፤ ድርብርቡ ሲገለበጥ፣ አሁን ከላይ የተቀመጠችው ኳስ ያለ ምንም ተጨማሪ ድካም በመካከለኛው ስኒ ውስጥ ተገኝታለች፤ ስለዚህ ስኒዎቹ እንደገና በረድፍ ሲደፉ መካከለኛው በታየችው ኳስ ላይ ይደፋል፣ ሁለተኛዋ ስታልፍም ሁለት ኳሶች፣ ሦስተኛዋ ስታልፍም ሦስት ኳሶች ከሥሩ ይገኛሉ።

ምስጢሩን ለመረዳት የአንድ ምሽት ጊዜ ይበቃል፤ እጅን ማስለመድ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ተማሪው ከመስተዋት ፊት ተቀምጦ፣ አስቀድሞ ምንም ኳስ ሳይሰውር፣ ሦስቱን ባዶ ስኒዎች ደጋግሞ ይድፋ፤ እንቅስቃሴው ከእጁ ጋር ከተዋሐደ በኋላ ኳሷን ሲጨምር በመስተዋቱ የሚያየው እጅ ከቀድሞው የማይለይ መሆን አለበት። እጅግ የሚከብደው ግን የገዛ ዓይንን መግዛት ነው፤ ተመልካች የሚያየው ሠሪው የሚያየውን ነውና፣ ጀማሪው ኳሷ በተሰወረችበት ስኒ ላይ ባፈጠጠ ቁጥር ምስጢሩን በገዛ ዓይኑ ይናገራል። ፓሪስ አጠገብ በሳን ዤርመን አን ሌ የሚገኘው፣ በሠዓሊው በኢየሮኒሙስ ቦስ ስም የሚታወቀው የምትሐተኛው ሥዕል፣ ዓይን በአንድ ነገር ሲጠመድ ሌላውን እንደማያይ በግልጥ ያሳያል፤ አንድ ሰው ወደ ገበታው ጎንበስ ብሎ በጽዋውና በኳሱ ሲመሰጥ፣ ከኋላው የቆመው ሰው የገንዘብ ከረጢቱን ይሰርቀዋል።

ስለዚህ ተማሪው በሚደፋው ስኒ ፈንታ የሚያጫውታቸውን ሰዎች ፊት እያየ መናገር ይልመድ፤ ሦስተኛዋም ኳስ ካለፈች በኋላ፣ አራተኛይቱ በድርብርቡ ውስጥ ቀርታለችና፣ የሰዎቹ ዓይን በሦስቱ ኳሶች ላይ እንደ ተተከለ ስኒዎቹን ሳይለያይ ወደ ረከቦቱ ይመልሳቸው። «እስቲ ድገመው» ቢሉት እሺ አይበል፤ በሁለተኛው ጊዜ ሰው የሚመለከተው ኳሶቹን ትቶ እጁን ነውና፣ መሐረቡን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ክብሪቱ ይለፍ።