ከሽንሌ እስከ ቤይሩት፦ የቤት ሠራተኞች ኪነትና መደጋገፍ

ከድሬዳዋ በስተሰሜን ያለችው ሽንሌ ወደ ደወሌና ጅቡቲ በሚወስደው መስመር ላይ ትገኛለች። በዚህ መስመር ብዙ ኢትዮጵያውያን ያለ ሕጋዊ ወረቀት ጅቡቲ ይገባሉ፤ ከዚያም ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ። ሌሎች ቪዛ ይዘው ከአዲስ አበባ ይበራሉ። በየትኛውም ቢሄዱ አረብ አገር አብዛኞቹን ሴቶች የሚጠብቃቸው የሰው ቤት ሥራ ነው።

የቤት ሠራተኛ በሕግ ፊት ሠራተኛ ናት ወይ የሚለው ጥያቄ ዛሬም አልተዘጋም። ለምሳሌ ቤይሩት ዋና ከተማዋ በሆነችው ሊባኖስ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አያካትትም፤ የውጭ ዜጋም በሠራተኛ ማኅበር እንዳይመርጥና እንዳይመረጥ ይከለክላል። በከፋላ አሠራር ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ስለሆነ፣ ከማዳሟ ቤት ጠፍታ የወጣች ሴት ሕገ ወጥ ትባላለች።

መደራጀት ሲከለከል መገናኛው በሌላ በኩል ተገኘ። ከቤት እንዳይወጡ የተከለከሉት ልብስ ሲያሰጡ ከጎረቤት በረንዳ ካለችው ያገር ልጅ ጋር ያወራሉ፤ ማን እንደተመታች፣ የማን ደመወዝ እንደተያዘ የሚሰማው እዚያ ነው። እሑድ ዕረፍት ያላቸው በቤተ ክርስቲያንና ቤይሩት አጠገብ ባለው ዶራ ሰፈር ይገናኛሉ።

ኪነትም ሌላው መገናኛቸው ሆነ፤ ግጥምና ዜማ ለእነዚህ ሴቶች እንግዳ አይደለም። በሶማሌ ክልል ቡራንቡር የሴቶች ግጥም ነው፤ አንዷ ስትገጥም ሌሎቹ በከበሮና በጭብጨባ ያጅቧታል፣ ውዳሴም ወቀሳም ይነገርበታል። በአማራ አገር የወፍጮ እንጉርጉሮ የልብ ማውጫ ነበር። በቤይሩት ይህን የመሰለ ኪነት አደባባይ ወጣ። የቲያትር ባለሙያዋ ዘይና ዳካሽ ባዘጋጀችው «ሸባይክ ለባይክ» ስደተኛ ሠራተኞች ራሳቸው መድረክ ላይ ወጥተው ታሪካቸውን ተናገሩ። በሜይ ዴይ ሰልፎችም ያገራቸውን ልብስ ለብሰው እየዘፈኑ መብታቸውን ጠየቁ።

እ.ኤ.አ. በጥር 2015 በሊባኖስ የቤት ሠራተኞች ማኅበር ሲመሠረት የሥራ ሚኒስቴሩ ዕውቅና ነፈገው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያውያቱ «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለውን ቡድን አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አንዳንድ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ፤ ቡድኑም ምግብና የቤት ኪራይ አቀረበ።

የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 189 ለቤት ሠራተኞች የመደራጀት መብት ይሰጣል፤ ሊባኖስ አላጸደቀችውም። በአገር ቤትም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የቤት ሠራተኛን ጉዳይ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። ኪነቱ ሴቶቹን አሰባስቧል፤ ደመወዝና ዕረፍት የሚያስከብረው ግን ሕግ ነው።