ሁለት ሚሊሜትር፦ የመጀመሪያው አልትራሳውንድና የእርግዝና ዕጣ

ቀደም ሲል በብልት በኩል በሚደረግ አልትራሳውንድ ርዝመቱ 5 ሚሊሜትር የደረሰ ሽል የልብ ምት ካልታየበት፣ እርግዝናው እንደከሸፈ ይቆጠር ነበር። ሆኖም አንዱን ሽል ሁለት ባለሙያዎች ሲለኩት ውጤታቸው ይለያያል። እዚህ ላይ መሳሳት በሕይወት ያለ፣ የተፈለገ ፅንስን ማስወገድ ነው። ስለሆነም በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአልትራሳውንድ ራዲዮሎጂስቶች ማኅበር ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች ወሰኑን 7 ሚሊሜትር አደረጉት፤ ሽል ላልታየበት የእርግዝና ከረጢት ደግሞ አማካይ ስፋቱ 25 ሚሊሜትር እንዲሆን ተስማሙ። ከዚህ በታች ከሆነ ግኝቱ ያጠራጥራል እንጂ አያረጋግጥም፤ ሽሉ ታይቶ ልቡ ካልመታም ምርመራው ከ7 እስከ 10 ቀናት በኋላ ይደገማል። ያ ሳምንት ለእናቲቱ እጅግ ረጅም እንደሆነ አልዘነጋም፤ ቢሆንም ተማሪዎቼ በመጀመሪያው ምስል እንዲፈርዱ አልፈቅድም።