ባልና ሚስት ሲጣሉ መስመራቸውም ይጣላል

አንድ መጽሐፍ ልጠቁማችሁ። «አስቴሪዮስ ፖሊፕ» ይባላል፤ አሜሪካዊው ዴቪድ ማዙኬሊ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመው ስዕላዊ ልቦለድ ነው። ማዙኬሊን የባትማን ወዳጆች ከፍራንክ ሚለር ጋር በሠራው «ባትማን፦ ዪር ዋን» ያውቁታል። እዚህ ግን ጭምብልም ጀብዱም የለም። ያሉት በራሱ የሚመካው የሥነ ሕንፃ ፕሮፌሰር አስቴሪዮስና ቀራፂ ሚስቱ ሃና ናቸው።

አስቴሪዮስ በንድፎቹ ስም ያተረፈ ሰው ነው፤ ከንድፎቹ ግን አንድም የተገነባ የለም! ዓለምን ሁሉ ለሁለት ከፍሎ ካላየ አይሆንለትም። ይህን ጠባዩን ስዕሉም ያሳየናል። ንግግሩ የሚጻፍበትን ክፍል እዩት፦ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ አራት ማዕዘን። ፊደሎቹም ሁሉም ትልልቅ የላቲን ፊደላት ናቸው። የሃና ቃላት ደግሞ ለስላሳ፣ ክብ ነገር ውስጥ ገብተው ሁሉም ትልልቅ ባልሆኑ ፊደላት ተጽፈዋል። ገና ምን እንዳሉ ሳታነቡ እሱ እንደሚደነግግ፣ እሷ እንደምታወራ ገብቷችኋል። (የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው፣ መጽሐፉን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ሁለት ዓይነት የእጅ ጽሕፈት ማዘጋጀት ሊኖርበት ነው። ባየው ደስ ይለኛል።)

አሁን ወደምወደው ቦታ ልውሰዳችሁ። ሁለቱ መጀመሪያ የሚገናኙት ግብዣ ላይ ነው። እሱ በሰማያዊ መስመር ብቻ የተሠራ ነው፤ ክንዱ ሲሊንደር፣ ውስጡ ባዶ። እሷ በቀይ ጭረት ተሞልታለች፤ ሥጋና ጥላ አላት፣ የዳር መስመር ግን የላትም። ወሬው እየጣማቸው ሲሄድ የሷ ጭረት እሱ ላይ ይወጣል፣ የሱ መስመር እሷን ይከባታል። ፍቅር ያዛቸው የሚል ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም። ከዓመታት በኋላ በትዳር ሲጨቃጨቁ ደግሞ ሰማያዊው ወደ ሰማያዊነቱ፣ ቀዩ ወደ ቀይነቱ ይመለሳል። አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው ሁለት የተለያዩ ሰዓሊዎች የሳሏቸው ይመስላሉ።

ስዕሉ ሁልጊዜ ከንግግሩ ጋር ይስማማል ማለት ግን አይደለም፤ እንዲያውም ሲቃረኑ ይበልጥ ይጣፍጣል። የአርት ስፒገልማንን «ማውስ» ውሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1991 በሁለት ቅጽ ወጥቶ በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው ነው። አይሁዶች አይጥ፣ ጀርመኖች ድመት ሆነው ተስለዋል። የስፒገልማን አባት ቭላዴክ ከአውሽዊትዝ የተረፈ፣ ኒው ዮርክ የሚኖር ሽማግሌ ነው። ልጁ ታሪክህን ንገረኝ ሲለው ቤት ውስጥ ቆሞ የሚነዳ የስፖርት ብስክሌት ላይ ወጥቶ ፔዳሉን እየረገጠ፣ እንዲህ ያለውን ወሬ ማን ሊሰማ ይፈልጋል ብሎ ያጣጥለዋል። በዚያው ስዕል ውስጥ ግን መሪውን የያዘው ክንዱ ከፊታችን ተዘርግቷል፤ የተነቀሰበት የእስረኛ ቁጥርም ቁልጭ ብሎ ይታያል። አፉ ይቅርብህ ይላል፣ ክንዱ እየተናገረ ነው።

አነጋገሩንም አስተውሉ። ቭላዴክ ለልጁ ሲያወራ እንግሊዝኛው የተሰባበረ፣ የቃላቱ ቦታ የተዛነፈ ነው። ታሪኩ ወደ ፖላንድ ሲመለስ ግን ወጣቱ ቭላዴክ አንደበቱ ይፈታል፤ እዚያ በገዛ ቋንቋው ነዋ የሚናገረው! ያ ነዝናዛ፣ ቆጣቢ፣ የተከፈተ ምግብ ሱቅ ድረስ ወስዶ የሚመልስ ሽማግሌ አንድ ወቅት ተናጋሪ፣ መልከ መልካም ጎረምሳ እንደነበር የምናውቀው በዚህ ነው።

በየትኛው እንጀምር ካላችሁኝ በ«ማውስ» ጀምሩ። «አስቴሪዮስ ፖሊፕ» ግሩም ቢሆንም ማዙኬሊ አንዳንዴ «ብልሃቴን አያችሁልኝ?» የሚል ይመስላል፤ ስፒገልማን ግን ገጹን ገልጣችሁ ካለፋችሁ በኋላ ነው የምትነቁበት።