አመዱ ብሎኬት ከመሆኑ በፊት

የጣሳና የመድኃኒት መጠቅለያ ቅሪት ያለበት የቆሻሻ አመድ ከሲሚንቶ ጋር ሲቦካ አርፎ አይቀመጥም። ብዙም ሳይቆይ ፊቱ ላይ አረፋ ይወጣል፤ ድብልቁ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ምክንያቱ አልሙኒየም ነው። ከሲሚንቶው አልካሊ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። በነገራችን ላይ ቀላል ክብደት ያለው ብሎክ የሚመረተውም በዚሁ ባሕርይ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ የአልሙኒየሙ ዱቄት ተመዝኖ መግባቱ ነው።

ስለዚህ አመድ በጆንያ ይዞ ላቦራቶሪ የሚመጣ ሰው «ጥንካሬው ስንት ይወጣል?» ሲል፣ ባለሙያው በጥያቄ ይመልስለታል። የትኛው አመድ ነው? ሜዳ ላይ ስንት ጊዜ ከርሟል?

ከቆሻሻ ማቃጠያው ምድጃ ሥር የሚወጣው አመድ ጠጠርና አሸዋ ይመስላል፤ የብርጭቆ ስባሪ፣ ሚስማር፣ የሸክላ ፍርፋሪ አለበት። ከጭሱ ማጣሪያ የሚጠራቀመው ግን ደቃቅ ብናኝ ነው፤ ካድሚየሙ፣ ዳዮክሲኑና ክሎራይዱ በብዛት ያለው እዚህ ነው። በእንግሊዟ ኒውካስል፣ ባይከር ከሚባለው ማቃጠያ የወጣ የሁለቱ ድብልቅ ከ1994 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ነዋሪዎች አትክልት በሚያለሙባቸው ቦታዎች መተላለፊያ ላይ ተነጠፈ። ኋላ ሲመረመር ዳዮክሲን ተገኘ፤ እዚያ በሚረቡት ዶሮዎች እንቁላል ውስጥ ሳይቀር።

ነገሩ ለአዲስ አበባም ሩቅ አይደለም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የተነደፈ ነው። ከክብደቱ ከአምስት አንዱ እንኳ አመድ ሆኖ ቢቀር፣ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በቀን 280 ቶን ይሆናል። ጎረቤቱ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰው የጨረሰው የቆሻሻ ክምር፣ ቆሼ ነው። እዚያ ሌላ ክምር መጨመር ማንንም አያስደስትም።

የምድጃ ሥር አመድ ብረቱ በማግኔት፣ አልሙኒየሙም በሌላ መለያ ማሽን ተለቅሞለት፣ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ሜዳ ላይ ቢከርም ጠባዩ ይለወጣል። እርጥበትና የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አልካሊነቱን ያበርዱታል፤ እርሳሱም እንደ ልብ በውኃ መታጠቡን ይቀንሳል። ኔዘርላንድስና ዴንማርክ ይህን አመድ ለመንገድ መሠረት ሲጠቀሙበት ዓመታት አልፈዋል። አዲስ አበባም ብትጀምር ከዚያ ብትጀምር ይሻላል፤ ቀጥሎ ጭነት ለማይሸከም የክፍልፋይ ግድግዳ ብሎኬት። ፌሮ ላለበት አርማታ ግን አይሆንም፤ የቀረው ክሎራይድ ብረቱን ያዝገዋል።

ደንበኛ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ለጥንካሬ ፍተሻ ብቻ ነው። ሌላው ፍተሻ ብሎኬቱን አድቅቆ፣ ለአንድ ኪሎ 10 ሊትር ውኃ ጨምሮ፣ 24 ሰዓት እያገላበጡ ማቆየት ነው፤ ከዚያ በውኃው ውስጥ ያለው እርሳስና መዳብ ይለካል። ሙሉውን ብሎኬት ለምን ማድቀቅ አስፈለገ የሚል አይጠፋም። የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ በከተማዋ የት እንደሚሄድ ያየ ሰው ግን አይጠይቅም፤ የሌላ ሰው ግቢ መሙያ ነው የሚሆነው።