ጨው የሚችል ሥር፦ ከአዋሽ ሸለቆ እስከ ግቢያችን

ባለፈው ዓመት የሳይንስ ክበብ ተማሪዎቻችን በግቢያችን ጥግ የዘሩት ጎመንና ቲማቲም ገና በቡቃያነቱ ደርቆ ቀረ። ውሃ አላጣም፤ ጠዋትና ማታ ያጠጡት ነበር። አፈሩ ሲደርቅ ግን ከላዩ ነጭ ቅርፊት ያዘ። አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ በጣቷ ነክታ ቀመሰችና «ጨው ነው!» አለች።

ጅቡቲ ከተማ የምንኖር ሁሉ ከከርሰ ምድር የሚወጣውን የከተማዋን ውሃ ጣዕም እናውቀዋለን። ችግሩ ግን የእኛ ብቻ አይደለም። አዋሽ ከኢትዮጵያ ደጋ ተነሥቶ፣ ባሕር ሳይደርስ፣ በጅቡቲ ድንበር ባለው አቤ ሐይቅ ያበቃል። በመንገዱም የወንጂንና የመተሐራን የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ያጠጣል። በሞቃት ቆላ በቂ የማጠንፈፊያ ቦይ ሳይኖር መስኖ ሲበዛ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፤ ጨውን ትተወዋለች። በአሚባራና በመልካ ሰዲ ብዙ የለማ መሬት በዚህ መንገድ ከእርሻ ወጥቷል።

ታዲያ ጨው የሚችል ሰብል የለምን? አለ። አንዱ ሹገር ቢት ነው። ከስኳር ድንች ጋር እንዳይምታታ፦ ሹገር ቢት ነጭ ሥር ያለው፣ የቀይ ሥርና የቆስጣ የቅርብ ዘመድ ነው። በጾም ማዕዳችን ላይ የምናገኛቸው እነዚህ ሁለቱና ሹገር ቢት የአንድ ዝርያ ልጆች ናቸው። የዱር አያታቸው እስካሁን በአውሮፓ የባሕር ዳርቻ ይበቅላል፤ ጨው መቻልን የወረሱት ከዚያ ነው። በሥሩ ውስጥ ያለው ስኳር ከአገዳ ስኳር ጋር አንድ መሆኑን ጀርመናዊው ኬሚስት ማርግራፍ ያሳየው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1747 ነበር።

የአፈር ጨዋማነት የሚለካው ከአፈሩ የተጨመቀው ውሃ ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ አቅሙ ነው፤ መለኪያው ዴሲሲመንስ በሜትር ይባላል። ከ4 በላይ የሆነ አፈር ጨዋማ ይባላል። የሸንኮራ አገዳ ምርት 1.7 ገደማ ላይ መቀነስ ይጀምራል፤ ሹገር ቢት ግን እስከ 7 ገደማ ይችላል። ተክሉ ጨውን በሕዋሶቹ ውስጥ ባለ ከረጢት ለይቶ ያስቀምጣል፤ ቤታይን የሚባል ንጥረ ነገር እያዘጋጀም ውሃውን ይጠብቃል። ቤታይን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ተክል ነው።

ሆኖም ሁሉም የሹገር ቢት ዘር እኩል አይችልም። አዳቃዮች ብዙ የዘር መስመሮችን ይዘው ይፈትሻሉ። መጀመሪያ ዘሮቹን ልዩ ልዩ መጠን ያለው የጨው ውሃ ውስጥ አድርገው ስንቱ እንደበቀለ ይቆጥራሉ። ቀጥሎ በማሰሮ፣ በመጨረሻም ጨዋማ በሆነ ማሳ ይተክላሉ። እያንዳንዱ መስመር በጨው የሰጠው ምርት ያለ ጨው ከሰጠው ጋር ይነጻጸራል፤ የሥሩ ክብደትና የስኳሩ መጠን ይመዘናል። አንድ ቦታ በአጋጣሚ የተሻለ አፈር ሊኖረው ስለሚችል ሙከራው ተደጋግሞና ቦታው በዕጣ ተለዋውጦ ይሠራል።

ክበባችን ይህንኑ በትንሹ ሞከረ። የቀይ ሥር ዘር ገዝተን፣ በአንድ ሊትር ውሃ ግማሽ፣ አንድና አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው በጠበጥን። ለማነጻጸሪያ ጨው ያልጨመርንበት ውሃ አዘጋጀን። ስህተታችንም እዚህ ላይ ነበር፤ ውሃውን ከቧንቧ ቀዳነው። «ይሄ እኮ ራሱ ጨው አለበት» ያለን አንድ ተማሪ ነው። ሙከራውን በታሸገ ውሃ እንደገና ጀመርን። የቀይ ሥር አንድ ፍሬ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቡቃያ ስለሚያወጣ፣ የቆጠርነው ቡቃያውን ሳይሆን የበቀለውን ፍሬ ነው። ጨው በሌለበት ብዙው በቀለ፤ ጨው በበዛ ቁጥር ብቅለቱ ዘገየና አነሰ።

ከሁሉ በላይ ያስገረመን ግን ሌላ ነው። አድጎ 7 የሚችለው ይህ ተክል በሚበቅልበት ጊዜ ከ3 በላይ ይከብደዋል። የብቅለት ፈተና ብቻ ያየ ሰው ደካማ ነው ብሎ ይጥለዋል። ስለዚህ አዳቃዮች በአንድ ፈተና አይፈርዱም፤ በየዕድገቱ ደረጃ ደግመው ያዩታል። ገበሬም ጊዜውን ያልፍ ዘንድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሩ ውሃ ያጠጣዋል።

ይህን ስናነብ ራሳችንን አየን። ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ቋንቋ መጥተው የተቀላቀሉንን ልጆች በመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት ብቻ ወደ ታችኛው ክፍል የመለስንበት ጊዜ ነበር። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በኋላ ከክፍላቸው ቀዳሚ ሆነዋል። ያንን ዓመት መልሰን ልንሰጣቸው አንችልም። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ግን አዲስ ተማሪ የክፍል ደረጃው የሚወሰነው ዓመቱን ሙሉ፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ከታየ በኋላ ይሆናል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራትም የቋንቋ ድጋፍ ያገኛል።

የግቢያችን ጥግም አልተተወም። አፈሩን ከፍ አድርገን፣ ውሃው የሚወርድበት ቦይ ቀደን፣ ዘንድሮ ቆስጣ ዘርተናል። ወላጆች ልጆቻችሁን ለመውሰድ ስትመጡ ጎራ ብላችሁ እዩት።